የኤፍረም ስድስት ሳጥኖች

የስኳር ዕቃው ከጠረጴዛው መሀል ትንሽ ፈቀቅ ካለ ኤፍረም ሻሂውን አይጠጣም። መጀመሪያ ዕቃውን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ግራና ቀኙን በዓይኑ ይለካል፣ ከዚያ ነው ብርጭቆውን የሚያነሣው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም። አንድ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ነው። በመሥሪያ ቤታችን የውሃ መስመር ፕላን ነዳፊ ነው፤ አስመራ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ሁሉ አንድ ጊዜ በእሱ እርሳስ ሥር አልፏል። አንድ ቁጥር ሲጽፍ በቀጭን እርሳስ ትንሽ ሳጥን ይሠራል፣ ቁጥሩን ልክ ከሳጥኑ መሀል ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሳጥኑን በላጲስ ያጠፋዋል። «የምታጠፋው ከሆነ ለምን ትሠራዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ቁጥሩ ቦታውን እንዲያውቅ ነው» አለኝ። ነጻነት ሲመጣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አላገባም ነበር። እንዲህ ላለ ሰው የምትታገሥ ሴት ከየት ትገኛለች ብዬ እኔም በሆዴ ትቼው ነበር።

እኔ ፋና እባላለሁ፣ የቢሮው ታይፒስት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ከእናቴ ጋር ወደ አስመራ የገባነው ከነጻነት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ትግርኛዬ ፌርማታ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ የሚያስቅ ነበር። ስለዚህ በቢሮው የአማርኛ ቃል የጠፋበት ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ኤፍረምም አንድ ጠዋት ማስመሪያውን እንደያዘ መጣና «አንድ ሰው ሲገባ ሁሉም ዞር ብሎ የሚያየው ከሆነ ያ ነገሩ ምን ይባላል?» አለኝ። «የቆንጆ ልጅ ነገር ነው?» አልኩት። «ኣይፋል» አለ ቀላ ብሎ፣ «አስቀያሚም ሊሆን ይችላል።» ብዙ ተከራክረን «ግርማ ሞገስ» ላይ ተስማማን። በወረቀቱ ላይ ጻፈው፣ ከመሀል መሆኑን አየ፣ ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ ነው። ብሩህ የተባለ የአጎቱ ልጅ ድምፁን ሊሰጥ ከጀርመን ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍና ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ይዞ ነበር። ገዛ ባንዳ ሰፈር በሚገኘው የኤፍረም እናት ቤት፣ በረንዳው ላይ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ጨዋታ አስተማረው። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም። አንዱ ዳኛ ይሆንና ታሪክ ያወራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ፈጥረው በጀግናቸው አፍ ይናገራሉ። በሩ ተቆልፏል፣ ምን ታደርጋለህ? ዘንዶው ነቅቷል፣ ወዴት ትሸሺያለሽ? ጀግናው ያሰበው ይሳካለት እንደሆነ የሚለየው በአንድ ወረቀት ላይ በሰፈሩ ስድስት ቁጥሮች ነው። ብሩህ ሲመለስ መጽሐፉን ይዞ ሄደ፤ ዳይሶቹን ግን ተወለት። ኤፍረምም መጽሐፍ ሳይኖረው ጨዋታውን ከራሱ ሊሠራው ተነሣ።

ስድስቱን ነገሮች ለመሰየም ብቻ አንድ ወር ፈጀበት። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋል፣ ግርማ ሞገስ። ዕውቀትና ማስተዋል ላይ በቢሮው ውስጥ ጦርነት ሆነ። ቆጣሪ አንባቢው ታዴዎስ፣ ከተማውን በእግሩ የሚያስስ፣ ድምፁ ከሦስተኛው በር የሚሰማ ሰው፣ «ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንዱን ሰርዘው» አለ። እኔ ግን «ዕውቀት ማለት ዋናው ቧንቧ የት እንደተቀበረ ማወቅ ነው። ማስተዋል ማለት ሰው ሁሉ ልብስ በሚያጥብበት ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧውን አለመዝጋት ነው» አልኩ። አንድ ሰው ከበሩ በኩል ሳቀ። ዞር ስንል የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ኣምለሰት ፋይል ታቅፋ ቆማለች።

ኣምለሰት ታጋይ ነበረች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሜዳ ቆይታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማተሚያ ክፍል ሠርታ፣ ከነጻነት በኋላ ወደ እኛ ተመደበች። ግራ እግሯ ቆስሎ ስለነበር ትንሽ ታነክሳለች። በዚያ ዘመን ታጋይ ሲታይ ሰው ሁሉ ቦታ ይለቅ ነበር። አውቶቡስ ላይ ይነሡላታል፣ ዳቦ ቤት ቀድማ እንድትገዛ ይገፏታል። ሰው ከልቡ ነው የሚያደርገው። እሷ ግን አንድ ቀን እዳጋ ሓሙስ ገበያ ቲማቲም ለመግዛት አብረን ተሰልፈን ሳለ ሴቶቹ ወደፊት ሲያሳልፏት «ሜዳ ላይ በጣም የናፈቀኝ ነገር ምን እንደነበረ ታውቂያለሽ? ወረፋ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አለች ያን ቀን ከበሩ። ኤፍረም እርሳሱ ወደቀበት። ሲነግራት ዓይኑ ከወለሉ አልተነሣም፣ ጆሮው ብቻ ቀላ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጉዳዩ የዘንዶ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ መሰብሰብ ጀመርን። ኤፍረም ዳኛ፣ እኔ፣ ታዴዎስና ኣምለሰት ተጫዋቾች። ጨዋታው በአማርኛ የሆነው በእኔ ትግርኛ ምክንያት ነው፤ ኣምለሰትን «ይከብድሻል?» ብያት «በአማርኛ ነው የተማርኩት፣ ቋንቋ ምን አጠፋ?» አለች። የኤፍረም እናት ኣደይ ኣረጋሽ ዳይሱን ሲያዩ «ኤፍረም ወደይ፣ ቁማር ድዩ?» ብለው ጠየቁ። አይደለም ተባሉ። አላመኑም፤ ብስኩት ግን አመጡ።

ሕጉ ቀላል ነበር። ሦስቱን ዳይሶች ትጥላለህ፣ ትደምራለህ። የመጀመሪያው ድምር የጉልበት ነው፣ ሁለተኛው የቅልጥፍና፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስተኛው። ቢበዛ ዐሥራ ስምንት፣ ቢያንስ ሦስት። ታዴዎስ ጣለ፤ ጉልበቱ ዐሥራ ሰባት ሆነና አገር ምድሩ ሰማ። እኔ ደህና ጣልኩ። ኣምለሰት ጣለች፤ ጉልበት አራት። ሁለተኛው ዐሥር፣ ሦስተኛው፣ ማለትም ጽናቷ፣ አምስት። ቀሪዎቹም ከዘጠኝና ከዐሥር አላለፉም። ኤፍረም ቁጥሮቹን እያንዳንዳቸውን ከየሳጥናቸው መሀል በቀለም ጻፈ። እሷ «ዕድሌ ነው» ብላ ሳቀች።

ጨዋታው እንደተጀመረ ወንዝ ደረስን። ለመሻገር ጉልበትን የሚፈትን ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ከጉልበቷ፣ ማለትም ከአራት፣ በላይ ከመጣ ውሃው ጀግናዋን ወደ ዳር ይመልሳታል። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ ውሃው መለሳት። ታዴዎስ በዚያ ድምፁ «ችግር የለም፣ እኔ እሸከምሻለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ተራራውንም፣ የቤተ መንግሥቱን ደረጃም፣ ጀግናዋ በታዴዎስ ጀግና ጀርባ ላይ ሆና ነው የወጣችው። ኣምለሰት ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠች። እኔ አላወቅሁም ነበር፤ በኋላ ነው የሰማሁት። እግሯ የቆሰለ ጊዜ ጓዶቿ ዐሥራ አንድ ቀን በቃሬዛ ተሸክመዋት ነበር። ታዴዎስም አያውቅም። ኤፍረም ግን ያውቃል፤ የእሷን ነገር ከየት እንደሚሰማው አላውቅም፣ ሁሉን ያውቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቶቻችንን ሲያድለን ኣምለሰት የራሷን ትኩር ብላ አየች። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጉልበቴ ዐሥራ አራት ሆኗል» አለች። «ጽናቴም ዐሥራ አምስት።»

ኤፍረም የስኳር ዕቃውን አስተካከለ።

«ምናልባት ባለፈው ሳምንት ተሳስተሽ አይተሽ ይሆናል» አለ። በሕይወቱ የዋሸው የመጀመሪያው ውሸት ይመስለኛል፤ እንዴት እንደሚዋሽ አያውቅበትም።

«አንተ ቁጥር ከሳጥን መሀል አታወጣም» አለችው። «ይሄ አራት መሀል ላይ ነው ያለው። ከፊቱ የተቀጠለችው አንድ ተጨንቃ ነው የገባችው። እኔ ማተሚያ ክፍል ነው የኖርኩት፣ ኤፍረም።»

ታዴዎስ ብስኩቱን በአፉ ይዞ ቀረ።

«የተሸከሙኝ ልጆች ክብደቴን ያውቁ ነበር» አለች። «ትከሻቸው ቆስሎ ነበር፣ ሲደክማቸውም ከበድሽን ይሉኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። አንተ ግን ክብደት እንደሌለኝ አደረግኸኝ።» ነጠላዋን ሰበሰበች፤ ኣደይ ኣረጋሽን ወደ ውስጥ ገብታ ተሰናበተቻቸው፤ ሄደች።

በሁለቱም ተናደድኩ። በእሱ፣ ምክንያቱም አዋቂ ሰው ሆኖ በቁጥር ላይ አንድ መቀጠል ፍቅር መስሎታል። በእሷ፣ ምክንያቱም የሰውየው ዓይን የሚናገረውን አይታ እንዳላየች ሆናለች። የተጎዳው ግን እሱ ነበር። ሰኞ የገጀረት ሰፈርን መስመር ሲስል የማይገናኙ ሁለት ቧንቧዎችን አገጣጠመ፤ በዐሥራ ስድስት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም አሉ። የስኳር ዕቃው ከጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ ዝም ብሎ ሻሂውን ይጠጣል። ይህን ሳይ በጣም አዘንኩለት።

«ሂድና ይቅርታ ጠይቃት» አልኩት።

ሄደ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ይቕሬታ» ሲላት በዚያ ሳልፍ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ሳላልፍም እሰማ ነበር፣ ግድግዳው ስስ ነው።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ኣጆኻ» አለችው ለስለስ ብላ። «ግን አልመጣም። ዳይሱን ብጥል ያንኑ አራት ይሰጠኛል። ስታየኝ አንተም እንደገና ታዝናለህ። እኔ ከሁለቱም ደክሞኛል፤ ከዕድልም ከሐዘኔታም። ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝ።»

ሌላ መንገድ። ኤፍረም ሁለት ሳምንት በዚህ ሲብሰለሰል ከረመ። ለሁሉም እኩል ቁጥር ልስጥ አለ፤ ታዴዎስ «ታዲያ ሁላችንም አንድ ሰው ነና» አለው፣ እውነቱን ነው። ሁሉም የፈለገውን ቁጥር ይጻፍ አለ፤ እኔ «ዘንዶው ማንን ይብላ?» አልኩት። ሁለት ቅዳሜ በረንዳው ባዶ ሆነ። ሦስተኛው ሲደርስ ኣደይ ኣረጋሽ ወደ መንደራቸው ላኩት። ከአስመራ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ነው። በጦርነቱ ምክንያት ስንት ዓመት የዘገየው የመሬት ድልድል በዚያ ሳምንት ነበርና የእናቱን ድርሻ ቆሞ እንዲቀበል ነው።

የሆነውን ሲመለስ ነው የነገረኝ፣ ካፖርቱን እንኳን ሳያወልቅ። በዚያ መንደር መሬቱ የሁሉም ነው፤ በየተወሰነ ዓመት ተሰብስቦ እንደገና ይታደላል፤ ድየሳ ይሉታል። ታዲያ መሬቱን ዝም ብለው አይቆርሱትም። መጀመሪያ ለሙን ለብቻ፣ መካከለኛውን ለብቻ፣ ድንጋያማውን ለብቻ ይለያሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓይነት በገመድ ለክተው በቤተሰቦቹ ቁጥር ልክ ይከፍሉታል፣ ዕጣም ይጣላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከሦስቱም ዓይነት ይደርሰዋል። ገመዱን ከያዙት ሽማግሌዎች አንዱ አጎቱ ኣቦይ ወልደትንሣኤ ነበሩ። ኤፍረም አብሯቸው ሲዞር ጦርነት ያሰነከለው አንድ ጎረቤት አየና «ለእሱ ድንጋያማው ቢቀርለትስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ኣቦይ ወልደትንሣኤ ገመዱን ጠቅልለው ትክ ብለው አዩት። «ከለሙ እንሰጠዋለን፣ ከድንጋያማውም እንሰጠዋለን» አሉት። «ድንጋያማውን ከነፈግነው የዚህ መንደር ሰው አይደለህም ማለታችን ነው። የትኛው ላይ ምን እንደሚዘራ ግን እሱ ነው የሚያውቀው።»

«እርስዎስ?» አላቸው። «የትኛው ደረሰዎት?»

«ገመድ የያዘ ሰው መጨረሻ ነው የሚወስደው» አሉት። «የተረፈውን።»

በዚያው ዕለት አንድ ትልቅ ወረቀት አስምሮ ለኣምለሰት ወሰደላት። ወረቀቱን አንብባ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?» ብቻ አለች።

ቅዳሜ መጣች። ወንበር ልለቅላት ስነሣ በዓይኗ አስቀመጠችኝና ከጥጉ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ኤፍረም ጉሮሮውን ጠርጎ አዲሱን ሕግ አስረዳ። ዳይሱ በሁላችን ፊት ዐሥራ ስምንት ጊዜ ይጣላል፣ ለሦስት ተጫዋች ስድስት ስድስት። ድምሮቹ ለም፣ መካከለኛና ድንጋያማ ተብለው በሦስት ክምር ይለያሉ። እሱ የየክምሩን ቁጥሮች ትልቁን ከትንሹ እያዳበለ ጥንድ ጥንድ ያደርጋል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ከየክምሩ አንድ አንድ ጥንድ ይደርሰዋል። ስድስቱን ቁጥሮች ከስድስቱ ሳጥኖች በየትኛው እንደሚያስቀምጥ ባለቤቱ ይወስናል፣ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም።

«ዐሥራ ስምንት አይደለም፣ ሃያ አራት» አለች ኣምለሰት።

«ሦስት ናችሁ» አለ ኤፍረም።

«ገመድ የያዘው ሰው አይወስድም እንዴ? በእኛም መንደር መጨረሻ ይወስዳል እንጂ ባዶ እጁን አይሄድም። አራታችንም ጀግና ይኖረናል፣ ዳኝነቱን በየተራ እንይዘዋለን። ዛሬ ፋና ትሁን።»

እኔ ዳኛ መሆን አልፈለግኩም፣ የጠየቀኝም የለም። ሃያ አራት ጊዜ ተጣለ። ኣደይ ኣረጋሽ ክምሮቹን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «እዚ ደኣ ድየሳ እዩ» አሉ፤ ቁማር መሆኑን ረስተውት ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ዕጣውን እሳቸው ያውጡ ተባለ። የየራሳችንን ምልክት ሰጠናቸው፦ ታዴዎስ የቆጣሪ ሳጥን ቁልፍ፣ እኔ የጆሮ ጌጤን፣ ኣምለሰት የሜዳዋን የላስቲክ ጫማ ዘለበት፣ ኤፍረም ያለቀች እርሳሱን። ነጠላቸው ውስጥ በጥብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በየጥንዱ ላይ አንድ አንድ እያወጡ አስቀመጡ። እርሳሷ ግን ከዕጣው ውጭ ተቀመጠች፤ ጥንዶቹን የሠራው ኤፍረም ስለሆነ መጨረሻ የቀረው ጥንድ ሁልጊዜ የእሱ ነው።

ከለሙ ለኣምለሰት ዐሥራ ስድስትና ዐሥራ ሦስት ወጣላት። ከመካከለኛው ዐሥራ አንድና ዐሥር። ድንጋያማው ላይ ኣደይ ኣረጋሽ ዘለበቱን ሲያስቀምጡ ቁጥሮቹ ዘጠኝና አራት ነበሩ። አራት። ታዴዎስ አፉን ሊከፍት ሲል በእግሬ ነካሁት።

ኣምለሰት አራቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እርሳስ አንሥታ ጉልበት ከሚለው ሳጥን ውስጥ ራሷ ጻፈችው። ዐሥራ ስድስቱን ጽናት ላይ አደረገችው። «እሺ» አለች፣ «አሁን ማን እንደሆነች አውቃታለሁ።» ቀና ስትል ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር፣ በቲማቲሙ ወረፋ ዕለት ያላየሁት ዓይነት። ለታዴዎስም «ወንዙ ላይ ትሸከመኛለህ። ስትደክም ግን ከበድሽኝ በል» አለችው። «እሺ» አለ ታዴዎስ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፤ ዝቅተኛ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ኤፍረም የተረፈውን ወሰደ፦ ሁለት ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ ሁለትና ዘጠኝ፣ ስምንትና አምስት። እየለካ መጻፍ ጀመረ። ዕውቀት ዐሥራ አራት። ማስተዋል ዐሥራ አራት። ሌሎቹን ደለደለና አምስቱን፣ ምንም ሳያስብ፣ ግርማ ሞገስ ላይ አስቀመጣት፣ ልክ ከሳጥኑ መሀል።

ኣምለሰት አንገቷን አስግጋ አየች። «ይሄ ልክ አይደለም» አለች።

«ባለቤቱ ይወስናል ብለናል» አለ ኤፍረም።

«የወሰንከው ስለማታውቅ ነው።» ላጲሱን ከእጁ ወሰደችና ማስተዋልንና ግርማ ሞገስን አጠፋቻቸው። ማስተዋል ላይ አምስት ጻፈች። «ይሄ በሰው ቁጥር ላይ አንድ ለሚቀጥል ሰው ይበቃዋል» አለች። ከዚያ ግርማ ሞገስ ላይ ዐሥራ አራት ጻፈች። «ቁጥር አልጨመርኩልህም። የነበረህን ነው ቦታውን ያስተካከልኩት።»

ኣደይ ኣረጋሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ኤፍረም ወረቀቱን አየ። ኣምለሰት ቸኩላ ስለጻፈች ዐሥራ አራቷ ከሳጥኑ ግራ ጠርዝ ጋር ተጣብቃ፣ ትንሽም ወደ ጎን አዘንብላ ነበር። እርሳሱን አነሣ። ሁላችንም ጠበቅን። ቁጥሯን ጥቂት ተመለከታትና እርሳሱን መልሶ አስቀመጠው።

«ወንዝ ዳር ደርሳችኋል» አልኩ፣ ዳኛ ነኝና።